አጥፍቼ ያገኘሁት ቆጠራ

«ሰቆጣ ውስጥ ስልክ ይዞ ኢሜይል የሌለው ሰው ካያችሁ፣ እኔ ሱቅ ያልደረሰ ነው» እያልኩ እፎክር ነበር። ያኔ ያስቀኝ ነበር፤ አሁን ትዝ ሲለኝ ያሳፍረኛል።

ሱቁ የአባቴ ነው። እሱ ጨርቅና ጨው ይሸጥበት ነበር፤ እኔ ስረከበው የጽሕፈት፣ የፎቶ ኮፒና የስልክ ሱቅ አደረግሁት። በገበያ ቀን ከደሃና፣ ከሰሃላ፣ ከአበርገሌ የሚመጣው ሰው ሁሉ በደጄ ያልፋል። ማመልከቻ የሚያስጽፍ አለ፣ ጉርድ ፎቶ የሚነሣ አለ፣ ፍየሉን ሸጦ ለመጀመሪያ ጊዜ ተች ስልክ የሚገዛ አለ። ተች ስልክ ደግሞ ገና ሲከፈት ኢሜይል ይጠይቃል።

መጀመሪያ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን እከፍትለት ነበር። ፓስዎርዱን በብጣሽ ወረቀት ጽፌ «ይሄን እንደ ዐይንህ ጠብቅ» ብዬ እሰጠዋለሁ። በወሩ ተመልሶ ይመጣል፤ ስልኩ ተቆልፏል፣ ወረቀቱ ከሱሪው ጋር ታጥቧል። ትዕግሥት ሲታደል እኔ ገበያ ሄጄ ነበር መሰለኝ፣ እጮህበታለሁ። አንድ የገበያ ቀን ሰው እስከ በሩ ተሰልፎ ሳለ፣ እንደዚያ የተቆለፈ ስልክ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣብኝ ደሜ ፈላና የሱቁን ኢሜይል፣ ማለትም የራሴን፣ አስገባሁለት። ሠራ። ለቀጣዩም ያንኑ አስገባሁ። «ለጊዜው ነው» ብዬ ነበር። እኛ አገር ለጊዜው የተባለ ነገር ዕድሜው ረጅም ነው።

እንዲህ ሆኖ ስንት ሰው በእኔ ኢሜይል እንደገባ አላውቅም። ሁሉም ያነሣው ፎቶ ወደ አንድ ቦታ ይሄዳል፤ ክላውድ የሚሉት፣ ሌላ አገር ያለ መጋዘን ነው። አንድ ቀን ከኒሯቅ በኩል አንዲት ሴት የባሏን ስልክ ይዛ እየተንጨረጨረች መጣች። ስልኩ ውስጥ ጃንጥላ የያዘች፣ ጥርሷን የተነቀሰች ቆንጆ ሴት አለች፤ ባልየው አላውቃትም ይላል። ምስኪን፣ እውነቱን ነው፤ ሴትዮዋ የሌላ ደንበኛዬ ሚስት ናት። «ትንሽ የኔትወርክ መቀላቀል ነው» ብዬ ሸኘኋትና ከሄደች በኋላ እስኪያመኝ ሳቅሁ። ያኔ መሳቅ አልነበረብኝም፤ ማስተካከል ነበረብኝ።

ከዚህ የባሰውን ደግሞ እንደ ውለታ ቆጥሬ ነበር የማደርገው። የሰው ስልክ ሞልቶ አልሠራ ሲል «ቦታ አስለቅቅልሃለሁ» እላለሁ፤ ፎቶውን ወደ ክላውዱ እሰቅልና ከስልኩ ላይ አጠፋዋለሁ። ሰውየው ስልኩን ከፍቶ ሲያየው ፎቶው ያለ ይመስለዋል። ያለው ግን ላይ ነው፣ በእኔ ስም።

በጥቅምት መጋዘኑ ሞላ። «ቦታ የለህም» የሚል መልእክት በየቀኑ ይመጣብኝ ጀመር። አንድ ቀን መብራትም ኔትወርክም ባለበት ረፋድ ላይ ሻይዬን ይዤ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥሁና መጥረግ ጀመርሁ። የማላውቃቸው ፍየሎች። ኪስ ውስጥ የተነሣ ጨለማ። የሰው እግር፣ የቤት ጣራ፣ የተንቀጠቀጠ ሰርግ። አንድ ረጅም ቪዲዮ ትዝ ይለኛል፤ አንዲት አሮጊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አንድ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተዋል። ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። «እኚህ ሴትዮ ብቻቸውን ግማሹን ቦታ ይዘውታል» አልኩና ነካሁት። ስጨርስ ቤት ጠርጌ እንደ ጨረስሁ ቀለለኝ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ማፍሰሴን እንኳ ያወቅሁት ከሳምንታት በኋላ ነው። አንዱ «የልጄ ክርስትና ጠፋብኝ» ይላል፣ ሌላው «ስልኬ ባዶ ሆነ» ይላል። ለሁሉም መልሴ አንድ ነበር፤ «ኔትወርክ ነው።» ሰቆጣ ውስጥ ለጠፋ ነገር ሁሉ ተጠያቂው ኔትወርክ ስለሆነ ማንም አይከራከርም። ሆዴ ግን ማወቅ ጀምሮ ነበር።

ታኅሣሥ ሲገባ አንድ ሽማግሌ ገበሬ መጡ። ከአምደወርቅ ባሻገር ካለ የደሃና ቀበሌ ነው፤ እስከ አምደወርቅ በእግር፣ ከዚያ በሚኒባስ። ከሁለት ዓመት በፊት ስልክ ሸጬላቸዋለሁ፣ ሲሞላም አስለቅቄላቸዋለሁ። ስልኩን ከታጠፈ መሐረብ ውስጥ አውጥተው የመደርደሪያው መስታወት ላይ አስቀመጡት።

«ልጄ፣ አክስቴ የለችም» አሉኝ።

የሞተባቸው መስሎኝ «አላህ ያጽናዎት» አልኩ።

«የሞተችውማ ድሮ ነው። ከስልኩ ውስጥ ነው የጠፋችው።»

ያቺ ድንጋይ ላይ የተቀመጠች አሮጊት ወዲያው ፊቴ ድቅን አለችብኝ። ወንበር ሳብሁና አስቀመጥኋቸው።

ነገሩን እየቆጠቡ አስረዱኝ። አክስታቸው ዘር ቆጣሪ ነበረች። በእነሱ ዘንድ፣ ማንም እንደሚያውቀው፣ ሁለት ሰዎች ሲታጩ ሽማግሌ በሁለቱም ወገን ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ ከሰባት ቤት በታች ዘመድ ሆነው ከተገኙ ጋብቻው የለም። ያገሩ ሰው ቆጠራ ሲያስቸግረው እሷ ዘንድ ይመጣ ነበር። እየደከመች ስትሄድ እሳቸው አንድ ከሰዓት በኋላ ደጃፏ ላይ አስቀምጠው ሁሉንም በስልክ ቀረጿት፤ እሷም በጣቷ አንጓ እየቆጠረች፣ በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣኛ፣ የወገናቸውን ዘር ከላይ እስከ ታች ተናገረች። ከዚያ ሞተች። ቪዲዮውን ለክፉ ቀን ብለው አስቀመጡት እንጂ እሳቸውም ዳግመኛ ቁጭ ብለው አልሰሙትም።

አሁን ሴት ልጃቸው ታጭታለች። ልጁ የሰቆጣ ልጅ ነው፣ እንጨት ሥራ ያለው። እሱን አውቀዋለሁ፤ ቆጠራውን ሽማግሌዎቹ ያስጻፉት እኔው ሱቅ ነው፣ በአባቱም በእናቱም ወገን ሰባት ሰባት ቤት፣ ባለፈው ሳምንት ነበር በገዛ እጄ የመታሁት። ሰርጉ ለጥር ታስቧል። ጥር ካለፈ ቅበላ ነው፣ ከቅበላ በኋላ ጾም ነው።

«አንድ ሽማግሌ አለ የሚቆጥርልን» አሉ፣ «ግን አምስተኛው ቤት ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ጠፍቶበታል። ሽማግሌዎቹ የአክስትህ ከጠፋ በእሱ እንጨርሳለን ይላሉ። እኔ ግን ሆዴ እንቢ አለኝ። ወንዶቹ ወንድ ወንዱን ነው የሚቆጥሩት። እሷ ሴቶቹንም ትቆጥር ነበር።»

«ኔትወርክ ነው» አልኩ። «አብሽሩ፣ እፈልግልዎታለሁ።»

ስልኩን መሐረቡ ውስጥ መልሰው ሲጠቀልሉ እንደ መሳቅ አሉ። «አንቺ ወደ ላይ ሰቀልሁት ያልሽኝ ዕለት ነበር የፈራሁት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብኝ እኮ።»

እኔም አብሬ ሳቅሁ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ በአፌ የወጣው ግን «ለመጪው ገበያ ይምጡ» የሚል ነው።

በማግሥቱ ልጅቷ መጣች። ሰቆጣ ኮሌጅ ትማራለች፣ እኛ ሰፈር ቤት ተከራይታ ነው፤ ካርድ ስትገዛ እንጫወታለን። እኔ ኽምጣኛ ከገበያው ነው የለመድሁት፣ እሷ ከእናቷ፤ ስህተቴን እያረመች ትስቅብኛለች። ያን ቀንም ስትገባ እየሳቀች ነበር።

«እትዬ፣ ሰርጌ አንቺ እጅ ላይ ነው አሉ።»

«ምን አገባኝ፣ የምድርሽ እኔ ነኝ እንዴ?»

«አባቴ እንቅልፍ አጥቷል። አግኝለት በይ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኔም አጥቻለሁ» አለች። ልጁን እንደምትወደው ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለጋትም።

ፍለጋ የሚሉትን ነገር ያኔ ነው ያየሁት። ኮምፒውተሩን አገላበጥሁት፣ የድሮ ፍላሾችን ከመሳቢያ አውጥቼ አንድ በአንድ ሰካሁ፤ ማጥፋቱን ብቻ እንጂ መመለሱን አላውቅም ነበር። በመጨረሻ አንድ ቢሮ ኮምፒውተር የሚጠግን ደንበኛዬ ጋ ደወልሁ። ነገሩን የሌላ ሰው ጥፋት አስመስዬ ነገርሁት።

«ቆሻሻ መጣያውን አየሽው?» አለኝ።

«ምን ቆሻሻ?»

«የጠፋ ፎቶ ወዲያው አይጠፋም። ስድሳ ቀን እዚያ ይቆያል። ከስድሳ ቀን በኋላ ግን ባለቤቱም አያገኘውም።»

ስልኩን ዘግቼ በጣቴ ቆጠርሁ። ካጠፋሁት አርባ ስምንት ቀን ሆኖታል። አሥራ ሁለት ቀን አለኝ። ኮምፒውተሩን ስከፍት ኔትወርክ የለም። ደንበኛን የሸነገልሁበት ኔትወርክ እውነትም ጠፋ። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት፣ አምስት። በየቀኑ ጠዋት ሱቁን ከፍቼ መጀመሪያ የማደርገው የስልኩን ጥግ ማየት ነበር። ከሶላት በኋላ ዱዓ አደርጋለሁ፤ ግን ዱዓዬ ውስጥ እንኳ «ያጠፋሁትን» አልልም፣ «የጠፋውን» ነበር የምለው። በዚህ ማንን እንደማታልል አላውቅም።

በስድስተኛው ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ኔትወርኩ መጣ። ቆሻሻ መጣያውን ከፈትሁት፤ ፍየሎቹ፣ እግሮቹ፣ ጨለማው፣ ሁሉም አሉ። ወደ ታች፣ ወደ ታች ሄድሁና አክስቲቱን አገኘኋቸው፣ እጃቸውን እንዳነሡ። «ይመለስ» የሚለውን ነካሁ። አሮጊቷ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። አልሐምዱሊላህ ብዬ እንባዬ መጣ። ፍየሎቹንም፣ ክርስትናውንም፣ ጨለማውንም ሳይቀር ሁሉንም መለስሁ።

እዚያ ላይ ብዘጋው ምን ነበረበት? እኔ ግን ድምፁ ደኅና መሆኑን ላረጋግጥ ብዬ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ደኅና ነበር። ዶሮ ሲጮኽ ይሰማል፣ አክስቲቱ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ድምፃቸው ደስ አለኝ፤ ቀልደኛ ናቸው። አንዱን ሟች ሲቆጥሩ «ይሄ ሰነፍ ነበር፣ ግን ከዘር አይወጣም» ይላሉ። ሱቅ ውስጥ ሰው ስላልነበረ ቀጠልሁ። ከልጅቷ ተነሥተው የጣታቸውን አንጓ እየያዙ ወደ ላይ ወጡ፤ አራተኛ፣ አምስተኛ፣ ስድስተኛ። ስድስተኛው ላይ ቆም አሉና ከእሱ ወደ ታች ተመለሱ።

«ይሄ ሰውዬ ሴት ልጅም ነበረችው» አሉ። «ወንዶቹ ይዘሏታል፤ እኔ አልዘላትም። አባቷን ሳታማክር ከአበርገሌ ከመጣ ነጋዴ ጋር ሄደች። አባቷም ከዘር ቆጠራው አወጣት። እኔ መልሼያታለሁ፤ ቀርጽ፣ ልጄ።» ከዚያ ስሟን ተናገሩ።

ስሙን አልጽፈውም። ግን አውቀዋለሁ። በገዛ እጄ ከሳምንታት በፊት የመታሁት ስም ነው። የልጁን ወገን ቆጠራ ከኮምፒውተሩ ውስጥ አውጥቼ አየሁት። በእናቱ በኩል፣ አምስተኛ ቤት፣ ያቺ ሴት፤ «ከደሃና የመጣች» ተብሎ ተጽፏል። ስድስተኛ፣ አባቷ። የልጅቷም ስድስተኛ ያው ሰውዬ ነው። እሱ ከሴት ልጁ፣ እሷ ከወንድ ልጁ መጥተው ስድስተኛው ቤት ላይ ተገናኙ። ለሰባት አንድ ቤት ቀረ። አንድ!

ይሄን በምድር ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። ሁለቱ ቆጠራዎች የተገናኙት በእኔ ሱቅ ውስጥ ነው።

ስንት ነገር ለራሴ እንደነገርሁት። ስድስትና ሰባት ምን ለውጥ አለው? በእኛ ቤት ቆጠራው እንደ እነሱ አይጠብቅም። ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት ለሄደች ሴት ዛሬ ያለች ልጅ ለምን ታልቅስ? ደግሞ ሽማግሌዎቹ የእነሱን ቆጣሪ እንቀበላለን ብለዋል፤ በሌላ ሰው ሃይማኖት ምን ጥልቅ አደረገኝ? ሁሉም ምክንያት መልካም ይመስል ነበር። ከሁሉም በታች ግን ሌላ ነበር፣ እሱን ያኔ አላየሁትም አልልም። ቪዲዮውን ብሰጥ ሰርጉን ያፈረሰችው እኔ ነኝ። አልተገኘም ብል ግን ጥፋተኛው ኔትወርክ ነው። ሆድ ይፍጀው አልኩና ማዳመጫውን አወለቅሁ።

አባትየው በገበያ ቀን ስልኩን ቤት ትተው መጡ። ተነሥቼ «አልተገኘም» አልኳቸው።

«የእግዜር ፈቃድ ነው» አሉ። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «ደከምሽልን፣ ልጄ» ብለው አመሰገኑኝ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር፤ እርግማን እችላለሁ።

ሽማግሌዎቹ በአምስት ቤት ቆጠራ ማሉ፣ ጥር ላይ ተሠረገ። ጠርተውኝ ሄድሁ። ለእኛ ለእስላሞቹ እንግዶች በራሳችን ሰው ያሳረዱትን ለብቻ አቅርበው፣ ምንጣፍ አንጥፈው አስተናገዱን። አባትየው ለሰው ሁሉ እያሳዩ «ስለ አክስቴ ስትለፋ የከረመችው ይቺ ናት» አሉ። ሙሽራዋ በፊቴ ስታልፍ ጠቀሰችኝ፤ ደስታዋን ሳይ ልክ አድርጌያለሁ አልኩ፣ ለደቂቃም ቢሆን አመንሁት። ሊሸኟት ሲሉ አባቷ ያን ስልክ ከነመሐረቡ አወጡና «እንዳትጠፊብን» ብለው በእጇ አኖሩት። ለእሳቸው ተራው ባለ ቁልፍ ስልክ ይበቃቸዋል። ሰው ሲያጨበጭብ እኔም አጨበጨብሁ።

ያን ቀን ማጨብጨቤን አሁን ሳስበው ጭንቅላቴን እመታለሁ። ያ ስልክ ገና በእኔ ኢሜይል ነበር። አብዛኛውን ደንበኛ በየተራ እየጠራሁ የየራሱን ከፍቼለት ነበር፤ የእሳቸውን ግን አላየሁትም፣ ዐይናቸውን እንዳላይ ስሸሽ ስልካቸውንም ሸሸሁት። ገጠር ኔትወርክ በሌለበት ምንም አያመጣም። ሰቆጣ ሲገባ ግን እኔ ላይ የመለስሁት ሁሉ እዚያም ይመለሳል።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ ሳለ፣ ልጅቷ መጣች። ከተጋቡ ወዲህ አልፎ አልፎ ነበር የማያት። ሆዷ ገፍቶ ነበር። «መብሩክ» ልላት ስነሣ ስልኩን መስታወቱ ላይ አስቀመጠችው፣ ልክ አባቷ እንዳስቀመጡት። አክስቲቱ እጃቸውን አንሥተው ተቀምጠዋል።

«ይሄ ከየት መጣ?» አለችኝ በኽምጣኛ።

«ኔትወርኩ...» ብዬ ጀመርሁ። አላስጨረሰችኝም።

«ምስር ስለቅም ሁለት ቀን ሙሉ ሰማኋት» አለች። «መጀመሪያ ድምፅዋ ናፍቆኝ ነበር። ከዚያ የሄደችውን ሴት ስም ጠራች። አማቴ ያንን ስም ሁልጊዜ ታነሣዋለች፤ የኛም ሴት አያት ካንቺ አገር ናት፣ ከደሃና ናት እያለች ትኮራብኛለች። አንቺ ነሽ የመለስሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«መቼ?»

«ከሰርግሽ በፊት።»

«ሰምተሽዋል?»

ኽምጣኛ አልችልም ማለት የማልችለው ለእሷ ብቻ ነው፤ ግማሹን ያስተማረችኝ እሷ ናት። «ሰምቼዋለሁ» አልኩ። ከዚያ ሁሉም ተከታትሎ ወጣ፤ ያጠፋሁትም እኔ መሆኔ፣ ኢሜይሉም፣ የመታሁት ወረቀትም። ስምንት ወር የተሸከምሁትን በአንድ ትንፋሽ አራገፍሁባት። አራግፌ ስጨርስ ቀለለኝ፣ እሱም ሌላ ነውር ነው።

እሷ አላለቀሰችም። መስታወቱ ላይ የተበታተኑትን ካርዶች ሰብስባ፣ ጫፋቸውን አስተካክላ፣ ቦታቸው አስቀመጠቻቸው።

«ለአባቴ አለመንገርሽ ይገባኛል» አለች። «ለእኔስ?»

«እንዳትጎጂብኝ ብዬ ነው። የምትወጂው...»

«አውቄ አገባው ነበር ይሆናል። አባቴን ደብቄ፣ ኃጢአቱን በራሴ ላይ አድርጌ አገባው ነበር ይሆናል። ወይም እተወው ነበር። አሁን የቱን አደርግ እንደነበር እንኳ አላውቅም። ምርጫውን አንቺ ነሽ ያደረግሽው።»

ወራት ሙሉ ስለ ሰርጉ አስቤያለሁ፣ ስለ አባትየው፣ ስለ ሽማግሌዎቹ፣ ስለ ራሴ ስም። ልጅቷን ጠርቼ «ምን ላድርግ?» ማለት አንድ ቀን እንኳ በሐሳቤ አልመጣም። ያቺን የሄደችውን ሴት አባቷ ከቆጠራው አወጣት፤ እኔም ሁለተኛ አወጣኋት፣ ይሄችኛዋንም አብሬ።

«ላጥፋልሽ?» አልኩ፣ ሌላ የማውቀው ነገር ስላልነበረ።

«ማጥፋቱንማ ትችያለሽ።» ስልኩን ወደ እኔ ገፋችው። «የራሴን ኢሜይል ክፈችልኝ። አክስቴን ወደዚያ አሻግሪያት።»

ከፈትሁላት። ፓስዎርድ የሚጠይቅበት ቦታ ስደርስ እጇን ዘረጋች፤ ስልኩን ተቀብላ ወደ ደረቷ አዙራ ጻፈችው። እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው መለስሁ። ቪዲዮው እስኪሻገር ረጅም ጊዜ ወሰደ፣ ሁለታችንም ቆመን ጠበቅነው። ወንበር ሰጠኋት፣ አልተቀመጠችም።

ሲጨርስ «አሁን ካንቺ ጋ አጥፊው» አለች። ዐይኗ እያየ አጠፋሁት።

«ከቆሻሻ መጣያውም።»

ከዚያም አጠፋሁት። ኮምፒውተሩ «ተመልሶ አይገኝም» ብሎ ሲያስጠነቅቀኝ እሷን ቀና ብዬ አየኋት፤ ራሷን ነቀነቀች፣ ነካሁት። ስልኩን በመሐረቡ ጠቅልላ ወጣች። ለባሏ ትንገረው፣ ለነፍስ አባቷ ትንገረው፣ ወይም ሆዷ ውስጥ ታስቀረው፣ አላውቅም። አልጠየቅኋትም፤ ለመጠየቅ መብት የለኝም። አሁን ካርድ የምትገዛው ከፊት ለፊቱ ሱቅ ነው፣ ልጇን አዝላ በደጄ ስታልፍ አያታለሁ።

አባትየው ግን አሁንም በገበያ ቀን ወደ እኔው ይመጣሉ። የልጅ ልጃቸውን ፎቶ ያሳጥባሉ፣ ስለ ዝናቡ ያወሩኛል፣ ሊወጡ ሲሉ ደግሞ በሩ ላይ ዞር ይላሉ።

«ያቺ አክስቴ እስከ ዛሬ ብቅ አላለችም፣ ልጄ?»

«አይ አባቴ» እላቸዋለሁ፣ «እኔ ጋ የለችም።»

አሁን እውነቴን ነው።